ሱቅ በርቶ ቤት የሚጠፋ

ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር ማማረር የጀመርነው ዛሬ አይደለም፤ አሁንስ ግን በዛ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገና ሳልጨርስ ይገባዋል። በየቤታችን አንድ መሳቢያ አለ። ያበጠ የስልክ ባትሪ፣ አንገቱ ላይ የተላጠ ገመድ፣ አንድ ክረምት ሳይዘልቅ የሞተ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለ ፓወር ባንክ፣ የየትኛው ዕቃ እንደነበር የተረሳ ቻርጀር፣ ሁሉም እዚያ ተጠራቅሟል። አይጣል ነገር ገንዘብ ወጥቶበታል፤ አይሠራበት ነገር ከሞተ ቆይቷል።

ነገሩ የቅንጦት ቢሆን ኖሮ አፌን ይዤ በተቀመጥኩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ኑሮው በሙሉ የተንጠለጠለው መብራት ላይ ነው። እንጀራው የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ወጡ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መብራት ሲሄድ ሊጡ ተቦክቶ ይቀራል፤ ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ለፈተና የሚያጠናው ልጅ ደብተሩን ታቅፎ ይቀመጣል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ከቤተ ክርስቲያን አምሽተው ሲመለሱ ደረጃውን የሚወጡት ግድግዳ እየዳበሱ ነው። ለእኛ ባትሪ እንደ ጨውና እንደ ዘይት ከቤት የማይታጣ አስቤዛ ሆኗል።

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎናል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ከየኪሳችን በወጣ ገንዘብ መቆሙ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ የመነጨውን ኃይል በትራንስፎርመርና በሽቦ አሳልፎ የእያንዳንዱ ብሎክ ቆጣሪ ድረስ ሳይቆራረጥ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ሻማና ባትሪ ይዘን መጠበቃችን አይቀርም። እንጠብቅ፤ አልከፋንም። የከፋን የምንጠብቅበት ባትሪ ራሱ ውሸት መሆኑ ነው።

ዋጋውን ሁሉም ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ባትሪና ቻርጀር ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ደመወዝ በዚያው ልክ አልሄደም። ስለዚህ ሱቅ ገብተን ዋጋ ከጠየቅን በኋላ ሁላችንም የምንናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ከእሱ ዝቅ ያለ የለህም?» ዝቅ ያለ አለ። ሁልጊዜም አለ። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

መገናኛ ወርደን ብንገዛ፣ መርካቶ ድረስ ዘልቀን ብንገዛ፣ እዚሁ ከብሎካችን ሥር ካለው ሱቅ ብንገዛ ሥርዓቱ አንድ ነው። ሻጩ ልጅ ትሑት ነው። «ጋሼ፣ ይህኛው ኦሪጅናል ነው፣ ያኛው ኮፒ ነው፤ እርስዎን አልዋሽም» ይላል። ካርቶኑን ይከፍታል፣ ማብሪያውን ይጫናል፣ መዳፉ ላይ አብርቶ ያሳያል። «ይኸው፣ አይተውታል፤ ይሠራል።» አዎ፣ ይሠራል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚበራልኝ ነው። ከስድስት ወር በኋላስ ይኖራል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሙከራ ሱቁ ውስጥ የለም። ያለው ማስረጃ ጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ይዋሻል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በእጅ ባትሪ፣ በፓወር ባንክ፣ በድሮ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ክቡ የሊቲየም ባትሪ 18650 ይባላል፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ፓናሶኒክ ቢሠራው፣ ሳምሰንግ ቢሠራው፣ ኤልጂ ቢሠራው ቢበዛ የሚይዘው 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። እኛ የምንገዛው ላይ ግን 6,800፣ 8,800፣ ሲብስም 9,900 ተብሎ ታትሟል። በዓለም የታወቁት ፋብሪካዎች ያልደረሱበትን ስም የለሽ ባትሪ ከየት አመጣው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ በመሣሪያ ሲለካ 1,500 እንኳ የማይሞላው ብዙ ነው። ክብደቱም ያሳብቅበታል፤ እውነተኛው 45 ግራምና ከዚያ በላይ ሲመዝን ሐሰተኛው እጅ ላይ ሲያዝ ባዶ መሆኑ ይታወቃል።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። ሐቀኛ ነጋዴ አይጠፋም። እውነተኛውን ባትሪ አስመጥቶ፣ ቁጥሩንም በሐቅ 2,600 ብሎ ጽፎ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው ምን ይገጥመዋል? አጠገቡ 9,900 የተጻፈበት በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ሁለቱን አይቶ የትኛውን ያነሣል? እውነት የጻፈው ዕቃው ተቆልሎበት ይከስራል፤ ውሸት የጻፈው ሸጦ ሌላ ያስመጣል። በሚቀጥለው ዙር ሐቀኛውም ወይ ይዋሻል ወይ ሱቁን ይዘጋል። ቁጥሩን የሚለካ አካል በሌለበት ገበያ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥሩ ዕቃ ልግዛ ብሎ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው እንኳ የሚገዛው ያጣል።

ፓወር ባንክም ያው ነው። 20,000 ተብሎ የተጻፈበትን ስንገዛ 5,000 የሚይዘውን ስልካችንን አራት ጊዜ ይሞላልናል ብለን እናስባለን። ሐቀኛው እንኳ አራት ጊዜ አይሞላም። ቁጥሩ የተጻፈው ውስጥ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ተሰልቶ ነው፤ ወደ ስልኩ የሚወጣው ደግሞ በ5 ቮልት ነው፤ መሐል ላይ በሙቀት የሚባክንም አለ። ስለዚህ ከእውነተኛው ሦስት ጊዜ ገደማ ካገኘን ተመስገን ነው። ካርቶኑ ላይ ይህን የሚያስረዳ አንድ መስመር የለም። ከሐሰተኛው ግን አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ አናገኝም። ለዚህ ሚዛን ይፈርዳል፦ አንድ ክብ ባትሪ ቢበዛ 3,500 ከያዘ 20,000 ለመሙላት ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል፤ ስድስቱ ብቻ ከሩብ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ፓወር ባንኩ ሩብ ኪሎ ካልሞላ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ከበደ ማለት ግን ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ክብደቱ እንዲጨምር አሸዋ የተሞላበት ፓወር ባንክ ተከፍቶ የታየበት ጊዜ አለና። ሸማቹ ምን ያህል ይጠንቀቅ? ሱቅ ስንሄድ ሚዛንና መፍቻ ይዘን እንሂድ?

ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ባለ ሁለት እግር የእጅ ባትሪስ? በብዙው ርካሽ ዕቃ ውስጥ ያለው 4 ቮልት የሆነች ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ናት። የእርሳስ ባትሪ ጠባይዋ የታወቀ ነው፤ ጨርሳ ካለቀች በኋላ ሳትሞላ ከሰነበተች ውስጧ ያለው እርሳስ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አትነሣም። ደህና ፋብሪካ ቢሆን ባትሪዋ ጨርሳ ሳትሞት የሚያቋርጥ፣ ስትሞላም የሚያቆም መቆጣጠሪያ ያስገባላት ነበር። ርካሹ ይህ የለውም። መብራት በደህና ወር ሲቆይልን ባትሪውን እንረሳዋለን፤ መብራት በሄደ ዕለት ስናነሣው ሞቶ እናገኘዋለን። ከዚህ የሚብሰው አደጋው ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ የግድግዳውን 220 ቮልት ከባትሪው የሚለይ ትራንስፎርመር ስለሌለው፣ ተሰክቶ እያለ ሽፋኑ የተሰነጠቀ እንደሆነ ውስጡን የነካ ልጅ በቀጥታ መስመሩን ነካ ማለት ነው።

ቻርጀሩም ሌላ ራስ ምታት ነው። 2 አምፒር ተብሎ ተጽፎበት ስልኩን ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት ስናየው ግማሽ አልደረሰም። አንዳንዱ ስልኩ ተሰክቶ ሳለ ጠርዙን ስንነካው ይነዝረናል፤ እኛም «ይነዝራል እኮ» ብለን ተላምደነው እንኖራለን። እንዴት ይለመዳል? የነዘረ ቻርጀር ከግድግዳው ኃይል ወደ እጃችን የሚያሾልከው አለ ማለት ነው። ሶኬቱ ደግሞ ላልቶ ቻርጀሩ አልቆም ሲል የታጠፈ ወረቀት እንወሽቅበታለን። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አይገጥምምና አዳፕተር ይገዛል፤ አዳፕተሩ ዲቫይደር ላይ ይሰካል፤ ዲቫይደሩ ላይ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና የሦስት ሰው ስልክ ተደርድሯል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ዘሎ ከፍ ይላል፤ «ንቀሉ! ንቀሉ!» የሚለው ድምፅ ከየፎቁ ይሰማል። ስታቢላይዘር ለፍሪጅ የገዛ ሰው ቻርጀሩን ግን ራቁቱን ይተወዋል፤ ቻርጀር ርካሽ ነውና ይቃጠል ይላል። ቻርጀሩ ሲቃጠል ግን ስልኩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

የልጆቹ ነገር ሲጨመር ደግሞ ልብ ይሰብራል። በሪሞት የሚሄድ መኪና ወይም ጀልባ ለልደት የገዛ ወላጅ ይህን ያውቃል። ጀልባዋን ሱቅ ውስጥ መሞከር እንኳ አይቻልም፤ ብዙዎቹ ከሥራቸው ያሉት ሁለት የብረት ነጥቦች ውሃ ካልነኩ ሞተራቸው አይዞርም። ልጅ እጁን እንዳይቆርጥ የተደረገ መልካም ጥንቃቄ ነው። ሻጩም «ውሃ ሲነካ ነው የሚሠራው» ይላል፤ ገዢውም አምኖ ይከፍላል። እሑድ ቢሾፍቱ ሆራ ድረስ ተይዛ ትሄዳለች፣ ያልሆነለትም ውሃ በሚመጣበት ቀን ሳፋ ሞልቶ ያንሳፍፋታል። አሥር ደቂቃ ገደማ ትሄዳለች፤ ከዚያ ባትሪው ያልቃል። ለመሙላት ሰዓታት ይፈጃል። ትርፍ ባትሪ የለም። ልጁ «አለቀ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለስለታል?

ትርፍ ባትሪ ልግዛ ያለ ወላጅ ደግሞ ገበያው ውስጥ ይጠፋል። ባትሪዎቹ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ 3.7 ቮልት፣ ሌላው 7.4 ቮልት ነው። የአንዱ ገመድ ጫፍ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ነው። ጫፉ ገጠመ ብለው ደስ ሲላቸው ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ተገላቢጦሽ ሆኖ የጀልባዋን ሰርኪዩት ያቃጥላል። ቻርጀሩም እንደዚሁ ነው፤ የኒኬል ባትሪ ቻርጀር ለሊቲየም አይሆንም። ሊቲየም በአንድ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ መቆም አለበት፤ በማይቆም ቻርጀር ሰክቶ መተኛት ቤት ውስጥ እሳት ማሳደር ነው። መጫወቻውን የሸጠው «ባትሪውን ለብቻ አናመጣም» ይላል። ውጭ ያለ ዘመድ ይላክልኝ ቢባል በፖስታ መላኩ ጣጣ አለው፤ ሰው ይዞት ሲመጣም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። በመጨረሻ ደህና የነበረች ጀልባ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ምክንያት ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅላ ትቀራለች።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሱቁ ስንመለስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ትቀበለናለች፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» የስድስት ወር ዋስትና አለው ተብሎ የተሸጠው ራሱ ሲመለስ «ይህ እኮ ባትሪ ነው፤ ባትሪ ዋስትና የለውም» ይባላል። ደረሰኝ ሲጠየቅ ዋጋው ሌላ ነው። የዕቃው አስመጪ ማን እንደሆነ ካርቶኑ ላይ የለም። ለማን አቤት ይባላል?

ሕግ የለም እንዳንል አለ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ብሎ ደንግጓል። ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ግዛ ተብሎ አይገደድም፣ በአክብሮት ይስተናገዳል፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ ይጠይቃል ይላል። ቃሉ ያማረ ነው። 9,900 የተጻፈበት ባትሪ ላይ ይህ ቃል ሲሠራ ግን አላየንም።

አይቻልም የሚል ካለ ደግሞ ሲቻል ታይቷል። የዓለም ባንክና የባንኩ እህት ድርጅት አይኤፍሲ ላይቲንግ አፍሪካ በሚባለው ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች የሶላር ፋኖሶች እንዲስፋፉ ሲሠሩ ዕቃውን በላቦራቶሪ ያስለኩ ነበር። ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ተለካ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከተለካው ጋር ካልተስማማ አያልፍም ተባለ፤ ቢያንስ የ1 ዓመት ዋስትናም ተጠየቀ። በዚህ ያለፉ ፋኖሶች መስመር ያልደረሰበት ገጠር ገብተው ልጆች አጥንተውባቸዋል። ለገጠሩ ፋኖስ የተሠራው ሥራ አዲስ አበባ ለሚሸጠው ባትሪ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ደረጃ የሚያወጣ ተቋም አለን፤ የሚፈትሽ ተቋም አለን፤ ንግዱን የሚቆጣጠር ሚኒስቴር አለን። ዕቃው ደግሞ በጉምሩክ በር ነው የሚገባው፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን አንሥቶ ሞልቶ ማራገፍና መለካት ሮኬት ማምጠቅ አይደለም።

የሞተው ባትሪስ ወዴት ይሂድ? የመኪና ባትሪ ከሆነ ቆራሌው በደስታ ይወስደዋል፤ እርሳሱ ገንዘብ ነው። ያበጠውን የስልክ ባትሪ ግን ቆራሌው አይፈልገውም፣ ሱቁ አይቀበለውም። ከቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ተጨፍልቆ ወይም ተወግቶ እሳት ሲነሣ የሚጎዳው ቆሻሻውን በእጁ የሚለየው ድሃ ወገናችን ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ባትሪ የሚያስገዛን ገበያ ሦስት እጥፍ መርዝም ያስጥለናል።

ቁጥሩን የሚለካልን እስኪገኝ ግን እርስ በርስ እንረዳዳ። 18650 የሚባለውን ክብ ባትሪ ከ3,500 እጅግ የበለጠ ቁጥር ከተጻፈበት አንንካው። ፓወር ባንክ ስንገዛ ባለ ሱቁን ሚዛን እንጠይቅ። ለመጫወቻ ባትሪ ስንገዛ አሮጌውን ይዘን ሄደን ቮልቱን፣ ጫፉን፣ የሽቦውን ቀለም ጎን ለጎን እናመሳክር፤ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ ሚሊ አምፒር ሰዓቱ ቢበልጥ ግን ችግር የለውም፣ ማስቀመጫው ውስጥ ይግባ እንጂ። የማንጠቀምበትን የሊቲየም ባትሪ በግማሽ ሞልተን እናስቀምጥ፤ የእርሳሱን ግን በየወሩ እንሙላው። ያበጠውን ዳግም አንሰካው። የሚነዝረውን ቻርጀር እንጣለው። ተኝተን ቻርጅ አናድርግ። ደረሰኝ ሳንቀበል አንውጣ። ተበላሽቶ ሲመለስለት የለወጠልንን ባለ ሱቅ ስሙን ለጎረቤት እንንገርለት፤ እውነት የሸጠ ሰው የሚከስርበት ገበያ የሚስተካከለው እሱ ጋ ገዢ ሲበዛ ነው።

ባለሥልጣኑም፣ አስመጪውም፣ ባለ ሱቁም ይስማን። በነፃ ስጡን አላልንም፤ ርካሽ አድርጉልንም አላልንም። የሚይዘው 1,200 ከሆነ 1,200 ብላችሁ ጻፉበት፤ አይተን፣ ከኪሳችን ጋር አመዛዝነን እንገዛለን። አንዴ ከፍለን የገዛነው ባትሪ ዓመት ይቆይልን ማለት ምን ነውር አለው?